ሸክላና ብረት በአንድ ጎጆ

የጥምቀት ሰሞን ቅዳሜ ነው። ቦታው ኢስት ዮርክ፣ ከዳንፎርዝ ጎዳና ጥቂት ወደ ሰሜን ገባ ብሎ፣ ዝቅ ካሉት የጡብ ቤቶች በአንዱ ቤዝመንት ውስጥ። ደጅ በረዶው ተቆልሏል። ሦስት ሰዎች በጀርባው የተገለበጠ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከበን ቆመናል፤ ላየን ለቅሶ የተቀመጥን እንመስላለን። የምጣዱ ባለቤት ጎንደር ተወልደው ያደጉ፣ እዚህ ለወዳጅ ዘመድ እንጀራ የሚጋግሩ እናት ናቸው። ሁለተኛው ጎረቤታቸው ነው፤ የጥርስ ላቦራቶሪ ውስጥ ከብረትና ከፖርሲሊን የሰው ጥርስ ሲሠራ ይውላል። እኔ ለቡና ተጠርቼ ነው የመጣሁት። ስማችን አይውጣ ስላሉ እሳቸውን እትዬ፣ እሱን ጥርስ ሠሪው ብያለሁ።

እትዬ፦ እስኪ ስሙት። (በጣታቸው አንጓ ጠርዙን ያንኳኳሉ።) ደህና ምጣድ ሲመቱት ይጮኻል። ይሄ ታፍኗል። ነቅቷል ማለት ነው።

ጥርስ ሠሪው፦ ይቆዩ፣ ከመቅበራችን በፊት አሟሟቱን እንይ። ነቁ ከላይ ፀጉር ያህላል፤ ከታች ግን ጥፍሬ ይገባበታል። ስለዚህ የጀመረው ከታች ነው።

እኔ፦ ሽቦው ተቃጥሎ ይሆናላ።

ጥርስ ሠሪው፦ ቴስተሩን አቀብለኝ... 14 ኦም። ሽቦው ጤነኛ ነው። የሞተው ሸክላው ብቻ ነው።

እትዬ፦ እሳት ውስጥ የተወለደ ሸክላ እንዴት በእሳት ይሞታል? ልጅ ሆኜ ጎንደር አጠገብ ወለቃ መንደር ሸክላ ሲቃጠል አይቼ የለ? ኩበትና እንጨት ተከምሮበት ነው የሚወጣው። የኔ ምጣድ የዚያን እሳት ሲሶ እንኳ አላየም።

ጥርስ ሠሪው፦ የት ሶኬት ላይ ነበር የሚሰኩት?

እትዬ፦ ይኸው፣ የልብስ ማድረቂያው ላይ።

ጥርስ ሠሪው፦ እትዬ!

እትዬ፦ ምን እትዬ እትዬ ትለኛለህ? ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት እንጀራ አያውቅም። ሞክሬዋለሁ፤ ሊጡ ዓይን ሳያወጣ ነጭ እንደሆነ ተኝቶ ቀረ።

ጥርስ ሠሪው፦ ይቀራላ። እዚህ አገር ተራው ሶኬት 120 ቮልት ነው፣ ምጣዱ የተሠራው ለ220። ቮልቱ በግማሽ ሲወርድ ኃይሉ በግማሽ አይደለም የሚወርደው፤ ሩብ ይሆናል። በ14 ኦም ሲሰላ አዲስ አበባ 3,450 ዋት የሚስብ ምጣድ እዚህ ከተራው ሶኬት 1,030 ቢያገኝ ነው። የማድረቂያው ሶኬት ደግሞ 240 ቮልት ነው። ከሱ 4,100 ይስባል። ከአገር ቤቱ በ19 በመቶ የበለጠ እሳት ነው።

እትዬ፦ ለካ እዚህ ቶሎ የሚበስልልኝ ለዚህ ነው!

እኔ፦ በቃ፣ ገዳዩ ተገኘ።

እትዬ፦ የለም የለም። ስድስት ዓመት በዚሁ ሶኬት ጋግሬበታለሁ። ስድስት ዓመት ያልገደለ ነገር ዘንድሮ ምን አስጨከነው?

ጥርስ ሠሪው መልስ አልሰጠም። ምጣዱን ወደ አምፖሉ አዙሮ አጎነበሰ። በሸክላው ጀርባ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚዞር ቦይ ተቆፍሯል፤ ጥምዝምዙ ሽቦ ቦዩ ውስጥ ተኝቷል፤ ላዩ በስሱ ተሸፍኖ ነበር፤ ሽፋኑ አሁን ረግፏል። በእስክሪብቶ ጫፍ ሲነኩት ሽቦው ወዲያ ወዲህ ይላል። አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ ላይ ግን ቦዩ በነጭ ነገር ጢም ብሎ ተሞልቷል። እዚያ ሽቦው ንቅንቅ አይልም። ነቁ የሚነሣው ልክ ከዚያ ነጭ ቦታ ጠርዝ ነው።

ጥርስ ሠሪው፦ ይሄን ማን ሠራው?

እትዬ፦ አንተ ነሃ! አምና ሽቦው ተበጥሶ ጠርቼህ አልነበር?

ጥርስ ሠሪው፦ ...እኔ ነኝ። ለጥርስ ብረት ማቅለጫ የምንጠቀምበት እሳት የማይፈራ ጄሶ አለ፤ ከሥራ ትንሽ ይዤ መጥቼ ሞላሁበት። ጠብቆ ይያዝ ብዬ።

እትዬ፦ እና ጠብቆ መያዙ ምን ጥፋት አለው? ሁሌ እንደሱ አይደል እንዴ የምትሠራው?

ጥርስ ሠሪው፦ ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው፤ እጄ የለመደው ማጣበቅ ነው። ሸክላ ሲሞቅ በጥቂቱ ይሰፋል። 1 ሜትር ሸክላ 100 ዲግሪ ቢሞቅ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምራል። ያንኑ ያህል የሞቀ ተራ ብረት 1.2 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። ይሄ ሽቦ ኒኬልና ክሮሚየም የተቀየጡበት ነው፤ እሱ 1.4 ነው። ሙቀታቸውም እኩል አይደለም። የምጣዱ ፊት 200 ዲግሪ ሲደርስ ሽቦው ቀልቷል። 700 ዲግሪ በደረሰ ጊዜ 1 ሜትሩ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ታዲያ የት ይግባ?

እትዬ፦ ጥምዝምዙ ላይ ነዋ። ተጠምዝዞ የተሠራው ለዚህ ይሆናል።

ጥርስ ሠሪው፦ ለዚያም ነው። አንደኛ ብዙ ሽቦ በትንሽ ቦታ ይገባል፤ ሁለተኛ ሲረዝም እጥፋቱ ይቀበለዋል፣ ሸክላውን አይገፋም። የኔ ጄሶ ያንን መላወሻ ዘጋበት። በጋገሩ ቁጥር ሽቦው ሸክላውን ሲገፋ፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሲጎትት ከረመ። ዓመት ሙሉ። ቤዝመንቱ ሲቀዘቅዝና ያ 19 በመቶ ሲጨመርበት... ተዉት፣ ሰበብ አላበዛም። ያጣበቅኩት እኔ ነኝ።

እትዬ፦ ተወው፣ ቡናው ይፈላል። አንተም ምጣድ ሠሪ ነኝ አላልክ።

(ይህን ሲሉ በእውነት አልተቆጡም። ለአንድ የሸክላ ዕቃ ስድስት ዓመት ክፉ ዕድሜ አይደለም፤ አገር ቤት ቢሆን ኖሮ በገበያ ቀን ሌላ ይገዛ ነበር። እኔን የገረመኝ ግን የሰውዬው እጅ ነው። ጥርስ ሲሠራ አይቼዋለሁ፤ ሁለቱን የማይስማሙ ነገሮች አንድ አድርጎ ነው የሚያወጣቸው።)

እኔ፦ እሺ፣ ያንተ ጥርስስ? እሱም ውስጡ ብረት ነው፣ ላዩ ሸክላ። እንዴት አይሰነጠቅም?

ጥርስ ሠሪው፦ (ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ያወጣል።) ይሄ የተበላሸ ክራውን ነው፣ ጫፉ ላይ ተሸርፎ የተመለሰ። ውስጡን እዩት፤ ግራጫ የብረት ቆብ ነው፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ላዩ ፖርሲሊን ነው። ፖርሲሊኑን ዱቄቱን በውሃ ለውሼ በብሩሽ እቀባለሁ፣ ምድጃ ውስጥ 900 ዲግሪ አልፎ ይጋገራል፤ ደግሞ እቀባለሁ፣ ደግሞ ይጋገራል። ከሁሉ በፊት ግን ብረቱ ብቻውን እሳት ይገባል።

እትዬ፦ ብቻውን ለምን?

ጥርስ ሠሪው፦ እንዲዝግ።

እትዬ፦ ዝገት ፈልገህ?

ጥርስ ሠሪው፦ ስስ ዝገት። ፖርሲሊን ንጹሕ ብረት ላይ አይዝም። እሱ ሁለመናው ከኦክስጅን ጋር የተጣመረ ነገር ነው፤ ብረቱም ትንሽ የኦክስጅን ቆዳ ካበቀለ ከዚያ ጋር ይዋሐዳል። ወርቅ አይዝግም ተብሎ ይከበር የለ? በኛ ቤት ይሄ ጉድለቱ ነው። ስለዚህ የጥርስ ወርቅ ውስጥ ቆርቆሮ፣ ኢንዲየም ወይም ብረት ቆንጠር ተደርጎ ይጨመራል፤ እነሱ ዝገው ወርቁን ከፖርሲሊኑ ያስታርቁታል። ዝገቱ ከወፈረ ደግሞ ራሱ ተልጦ ይወርዳል። ስስ መሆን አለበት።

እትዬ፦ እንደ አማላጅ በለው። ብዙ ካወራ ነገሩን ያበላሸዋል።

ጥርስ ሠሪው፦ እንደሱ በሉት። ዝገቱ ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ያው የመስፋትና የመኮማተር ጣጣ ነው። የድሮው የጥርስ ፖርሲሊን እንደ ምጣድዎ ሲሞቅ ጥቂት ነው የሚሰፋው፤ ወርቁ ግን በ100 ዲግሪ 1.4 ሚሊ ሜትር። ስለዚህ ሲጋገር ያምራል፣ ሲቀዘቅዝ ይፈረካከሳል። እ.ኤ.አ. በ1962 ዋይንስታይኖች የሚባሉ አሜሪካውያን ባወጡት ፓተንት ፖርሲሊኑ ውስጥ ሉሳይት የሚባል ማዕድን በብዛት እንዲኖር አደረጉ። ሉሳይት ሲሞቅ ብዙ ይሰፋል። ፖርሲሊኑ ወርቁ ላይ ደረሰበት፤ በትንሽ ብቻ ከሱ እንዲያንስ ተደረገ።

እኔ፦ ለምን ያንሳል? እኩል ለምን አይሆንም?

ጥርስ ሠሪው፦ እዚያ ላይ ነው ብልሃቱ። ከእሳት ሲወጣ ብረቱ ከፖርሲሊኑ ትንሽ አብልጦ ይኮማተራል፤ ፖርሲሊኑን ወደ ውስጥ ይሰበስበዋል። ሸክላ ሲጨመቅ ጀግና ነው፣ ሲሳብ ፈሪ ነው። ነቅ የሚሄደው በሚሳብ ቦታ ነው። ስለዚህ ሳይበላበት በፊት አስቀድመን ጨምቀነው እናወጣዋለን።

እትዬ፦ መቀነት እንደታጠቀ ወገብ።

ጥርስ ሠሪው፦ እንዲያ ነው። መቀነቱ ግን ከመጠን በላይ ከጠበቀ ይሄ ይመጣል (የተሸረፈውን ጫፍ ያሳያል)። በመጥበቅና ከልክ በማለፍ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። የኔ ሥራ ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ ነው። መጋገሩን ምድጃው ያውቅበታል።

እትዬ ቡናውን ቀዱ። ሁለተኛው ሲኒ ላይ ግራ እጃቸውን ወደ አንገታቸው አጥንት ሥር ሰደዱና እንደ ቀልድ ጠየቁ።

እትዬ፦ እና ይሄስ?

ከሦስት ዓመት በፊት የልብ ምት የሚቆጣጠር መሣሪያ፣ እነሱ ፔስሜከር የሚሉት፣ ከቆዳቸው ሥር ተደርጎላቸዋል። ሲነኩት እንደ ትንሽ ጠጣር ሳንቲም ይሰማል።

ጥርስ ሠሪው፦ እንዴት ረሳሁት! እሱ እኮ ከጥርስም ከምጣድም የባሰ ነው። ቆርቆሮው ታይታኒየም ነው። ውስጡ ባትሪና ኤሌክትሮኒክስ አለ። ሽቦው ከውስጥ ወጥቶ ወደ ልብ መሄድ አለበት፤ ደም ደግሞ ጨዋማ ውሃ ነው፣ ጠብታ ከገባ አበቃ። ሽቦውም ቆርቆሮውን መንካት የለበትም፤ ከነካ ኤሌክትሪኩ ወደ ልብ አይደርስም። ብረት ቢሆን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ፕላስቲክ ቢሆን ከጊዜ ብዛት እርጥበት ያሳልፋል። የቀረው ሸክላ ነው። በቀዳዳው ላይ ከዶቃ የምታንስ የአሉሚና ቀለበት ትገባለች፣ የፕላቲነም ሽቦ በመሃሏ ያልፋል፣ ሁሉም በወርቅ ይበየዳል።

እኔ፦ መጀመሪያ የተሠሩት እንደዚህ አልነበሩም። ታሪኩ የዚሁ ከተማ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ገደማ እዚሁ ቶሮንቶ በባንቲንግ ኢንስቲትዩት ጆን ሆፕስ የሚባል መሐንዲስ ከሁለት ሐኪሞች፣ ከቢግሎና ከካላሃን ጋር ሆኖ የልብ ምት መቀስቀሻ ሠራ። ከሰውነት ውጭ የሚቀመጥ፣ ከግድግዳ ሶኬት የሚሰካ ዕቃ ነበር። ሰው ሰውነት ውስጥ የገባው በ1958 ስዊድን ውስጥ ነው። ያኔ የሚሸፈነው በፕላስቲክ ሙጫ ነበርና እርጥበት ይሰርግ ነበር። ታይታኒየምና ሸክላ የመጡት ከዚያ ወዲህ ነው።

እትዬ፦ ወርቅ አይዝግም፣ አይዝም አላልክም እንዴ? እዚህ ደረቴ ላይ ሲሆን እንዴት ያዘ?

ጥርስ ሠሪው፦ (ይስቃል።) ሰምተውኛል ለካ። ቀልጦ የፈሰሰ ወርቅ አሉሚና ላይ ቢያንጠባጥቡ ጎመን ቅጠል ላይ እንዳለ ውሃ ድቡልቡል ብሎ ይንከባለላል። አይዘረጋም፤ ያልተዘረጋ ደግሞ አይያያዝም። አሉሚና ማለት ኦክስጅን የጠገበ አሉሚኒየም ነው፤ የጠገበ ማንንም አይፈልግም። ስለዚህ ሸክላው መጀመሪያ እንደ ታይታኒየም ወይም እንደ ኒዮቢየም ባለ ብረት በጣም በስሱ ይለበጣል። እነዚህ ኦክስጅን አይተው የማይጠግቡ ናቸው። ከአሉሚናው ላይ እንኳ ይነጥቃሉ። ሲነጥቁ እዚያው ተቆራኝተው ይቀራሉ፤ ወርቁ በነሱ ላይ ይዘረጋል። በ1,064 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ይገባል፣ ይረጋል።

እኔ፦ እንግዲያው ታይታኒየሙን ከመለበጥ ይልቅ ብየዳው ውስጥ ለምን አይጨምሩትም?

ጥርስ ሠሪው፦ ይጨምሩታል፤ ሌላ ቦታ በሰፊው የሚሠራበት ነው። 72 እጅ ብር ከ28 እጅ መዳብ ሲቀየጥ በ780 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ብሩም መዳቡም ብቻቸውን ከሚቀልጡበት በታች ማለት ነው። በዚያ ላይ ጥቂት በመቶ ታይታኒየም ጣል ይደረግና ሸክላውን ያለ ልባጥ ይይዛል። አየር በሌለበት ምድጃ ካልሆነ ግን አይሆንም። ታይታኒየም አየር ካገኘ ሸክላውን ረስቶ አየሩን ይበላል።

እትዬ፦ መስፋቱስ? ታይታኒየሙና ሸክላው ይስማማሉ?

ጥርስ ሠሪው፦ እነሱ ወንድማማች ናቸው። በ100 ዲግሪ አሉሚና 0.7 ወይም 0.8፣ ታይታኒየም ከ0.9 ትንሽ ያንሳል። ብረቱ ትንሽ እንዲበልጥ ተመርጧል፤ ያ መቀነት እዚህም አለ። ደግሞም ሲያልቅ በሂሊየም ይፈተናል። ሂሊየም ደቂቅ ጋዝ ነው፤ እሱ ካላለፈ ደም አያልፍም።

እትዬ፦ እንግዲህ ንገረኝ። ደረቴ ላይ ያለው ጠብቆ ካልያዘ እኔ እሞታለሁ። ምጣዴ ደግሞ ጠብቆ ስለተያዘ ሞተ። የትኛውን ልመን?

ጥርስ ሠሪው፦ ደረትዎ ላይ ያለው እሳት የገባው ሲሠራ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ዕድሜ ልኩን 37 ዲግሪ ላይ ይኖራል፤ ቢያተኩስዎ 39። ምጣዱ ግን በሳምንት ሁለቴ ከቤዝመንት ብርድ ተነሥቶ 200 ይወጣል፣ ይወርዳል። አንድ ጊዜ የሚታሰርና ሁልጊዜ የሚሞቅ በአንድ ሕግ አይተዳደሩም። አምና እዚህ ተንበርክኬ መጠየቅ የነበረብኝ ስንት ጊዜ እንደሚሞቅ ነበር። አልጠየቅሁም።

እኔ፦ መሃል መንገድ የለም? የሚታሰርም፣ የሚላወስም?

ጥርስ ሠሪው፦ አለ። መስተዋትና መዳብ እስቲ አስብ፤ አንዱ በጣም ይሰፋል፣ አንዱ በጥቂቱ። ከ100 ዓመት በፊት ገደማ ሀውስኪፐር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ የመዳቡን ቱቦ ከንፈር እንደ ምላጭ አሳስቶ መስተዋቱ ውስጥ ቀበረው። መዳብ ለስላሳ ነው፤ ሲሳሳ መስተዋቱ ሲጎትተው ይለጠጥለታል፣ አይሰብረውም። አየር የማያስገባ መጋጠሚያ ሆነ።

እትዬ፦ ሀውስኪፐር? የቤት ጠባቂ? ስሙ ነው ሥራው?

እኔ፦ ስሙ ነው፣ እትዬ። የመስተዋትና የብረት መጋጠሚያ ነገር ለዚህ ሰፈርም እንግዳ አይደለም። በ1940 እ.ኤ.አ. የካናዳ መንግሥት እዚህ ከኛ በላይ ሊሳይድ ላይ ሪሰርች ኢንተርፕራይዝስ የሚባል ፋብሪካ አቋቁሞ ለጦርነቱ ራዳርና ለመነጽር የሚሆን መስተዋት ሲያሠራ ነበር፤ በ1946 ተዘጋ። የዚያ ዘመን ራዳር ሆዱ ቫልቭ በሚሉት፣ አየር በተመጠጠበት የመስተዋት ቱቦ የተሞላ ነው፤ ቫልቭ ደግሞ ሽቦው መስተዋቱን አልፎ ሲወጣ አየር ካስገባ ባዶ ጠርሙስ ነው። ሊሳይድ በ1967 ከኢስት ዮርክ ጋር ተዋሐደች፤ ኢስት ዮርክም በ1998 ከቶሮንቶ ጋር።

እትዬ፦ ይሄኛው ብየዳ ያዘ?

ጥርስ ሠሪው፦ የት ይይዛል! የኢስት ዮርክ ሰው ዛሬም የት ነህ ሲሉት ኢስት ዮርክ ነው የሚለው።

ስቀን ስናበቃ እትዬ ወደ መስኮቱ አገጫቸውን ቀሰሩ። ከዚህ ወደ ምዕራብ ቢሄዱ ወደ ዶን ወንዝ የሚወርድ ቁልቁለት መንገድ አለ፤ ስሙ ፖተሪ ሮድ ነው፣ የሸክላ ሥራ መንገድ። እዚያው ሸለቆ ውስጥ ከ1889 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. የሠራ ትልቅ የጡብ ፋብሪካ ነበር። የቶሮንቶ አሮጌው ማዘጋጃ ቤትና ካሳ ሎማ ጡብ ከዚያ ወስደዋል። ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ቲማቲም የሚገዛበት ገበያ ነው።

እትዬ፦ ታዲያ ጭቃ እዚሁ እያለ ምጣድ ለምን ከአዲስ አበባ እናመጣለን?

ጥርስ ሠሪው፦ ጭቃውማ አለ። ሠሪዋ ናት የሌለችው።

እትዬ፦ እሷንማ እኛ ነን ያጣናት። ወለቃ የቤተ እስራኤላውያን መንደር ነበረች፤ ባልየው ብረት ይቀጠቅጥ፣ ሚስትየዋ ሸክላ ትሠራ ነበር። አንድ ጎጆ ውስጥ። ማረሻውንና ማጭዱን ከሱ፣ ምጣዱንና ጀበናውን ከሷ እንገዛ ነበር። የወናፉ ጫፍ፣ እሳቱ ውስጥ የሚገባው፣ ሸክላ ነው፤ እሷ ናት የምትሠራለት።

ጥርስ ሠሪው፦ ከወናፉ ጋር በምን ያጣብቁታል?

እትዬ፦ ምን ያጣብቁታል! ይሰኩታል፣ ዙሪያውን በጭቃ ይመርጉታል። የነቃ ጊዜ ነቅለው ሌላ ይሰካሉ።

ጥርስ ሠሪው ሲኒውን አስቀመጠ።

ጥርስ ሠሪው፦ አምና ይሄን ቢነግሩኝ ኖሮ...

እትዬ፦ አምና መች ጠየቅኸኝ? ደሞ አንድ ነገር ልጨምርልህ። ጭቃው ውስጥ ገል ወቅጠው ይለውሱበታል፣ የተሰበረ አሮጌ ሸክላ። ሸክላ ሠሪዋን ለምን ስላት «አሮጌው መሰበር ለምዷል» አለችኝ።

ጥርስ ሠሪው፦ ልክ ናት። ገሉ አንዴ እሳት ስላየ ዳግመኛ አይኮማተርም፤ አዲሱ ጭቃ ሲደርቅ መሰንጠቁን ይቀንሳል። ነቅ ሲነሣም ከገሉ ቅንጣት ጋር ሲጋጭ አቅጣጫው ይጠፋበታል። እኛ ይህን በትምህርት ቤት ነው የሰማነው።

እትዬ፦ እኛ ግን ምጣዳቸውን እየገዛን ቤታቸው እህል አንቀምስም ነበር። እናቴ የሸክላ ሠሪዋን ልጆች ዓይን እንዳላይ ትከለክለኝ ነበር። አፍሬ ነው የምነግራችሁ።

እዚህ ላይ የኔንም ሐሳብ ልናገር። ብረትና ሸክላን አብሮ የሚያውቀውን ቤት ቡዳ ብሎ የሰየመ አገር የከሰረውን ኪሳራ ማንም አልቆጠረውም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል፤ አዋጁ ተነገረ፣ ስድቡ ቀጠለ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤላውያን በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ከነሱ ጋር ስንት ቀጥቃጭና ስንት ሸክላ ሠሪ እንደሄደ እትዬ ያውቃሉ። ወለቃ ላይ ዛሬም ለቱሪስት የሚሸጥ ትናንሽ የሸክላ ቅርጽ አለ፤ የእትዬ እናት የገዙት ዓይነት ምጣድ ግን ሌላ ነገር ነው።

ጥርስ ሠሪው ሽቦውን ከቦዩ ቀስ ብሎ ማውጣት ጀመረ። ነጩን ጄሶ በጥርስ መቅረጫው ነካክቶ ሲያነሣ ሸክላው ሁለት ሆኖ ተለያየ። ሽቦውን እንደገና ለካው፤ 14 ኦም። እትዬ በፌስታል ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

ጥርስ ሠሪው፦ ይሄ ሽቦ ለአዲስ ምጣድ ይሆናል። እኔ ግን አልነካውም። ሶኬቱንም ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ያያል፤ የማድረቂያውን ነገር ዛሬ እዚህ ላይ ጨርሰናል። ኦንታሪዮ ውስጥ የደኅንነት ማረጋገጫ ምልክት የሌለው የኤሌክትሪክ ዕቃ አይፈቀድም፣ ያውቁታል።

እትዬ፦ አውቃለሁ። እስከዚያ ያቺን ትንሿን የብረት ምጣድ ግድግዳው ላይ እሰካታለሁ። እንጀራዋ የልጅ ፊት ነው የምታህለው።

የመጣሁት ቡና ልጠጣ ነበር፤ የተመለስኩት መልእክት ይዤ ነው። ፋሲካን አገር ቤት አሳልፋችሁ ወደ ቶሮንቶ የምትመለሱ ካላችሁ፣ እትዬ የሚፈልጉት 58 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ቦዩ የተቆፈረ፣ ሽቦ የሌለው ባዶ ምጣድ ነው። ስትገዙት አንኳኩና ስሙት። ሻንጣ ውስጥ ስታስገቡት በጋቢ ጠቅልሉት፣ ግን አታጥብቁት።